ካርመን የት ነው የምትተኛው?

ሰውየው ውሻው ጠፍቶበታል። በዚህ ዓለም የቀረው ዘመድ ያ ውሻ ብቻ ነበር። ኪሱን በድንጋይ ሞልቶ ቤቨርሊ ሂልስ ውስጥ ካሉት ግቢዎች አንዱ ውስጥ ይገባና መዋኛ ገንዳው ውስጥ ራሱን ይጥላል። ሊሞት ነው የገባው። የቤቱ ጌታ ግን ያየዋል። ዘሎ ገብቶ ያወጣዋል፣ ትንፋሽ ይሰጠዋል፣ ቤቱ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ ያ ቤት እንደ ድሮው አይሆንም።

ፊልሙ «ዳውን ኤንድ አውት ኢን ቤቨርሊ ሂልስ» ይባላል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ዳይሬክተሩ ፖል ማዙርስኪ ነው። ኒክ ኖልቲ ቤት አልባውን ጄሪን ሆኖ ይሠራል። ሪቻርድ ድራይፈስ ባለጸጋው ዴቭ ዋይትማን ነው፣ ቤት ሚድለር ደግሞ ሚስቱ ባርባራ። የዴቭ ሀብት ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከልብስ መስቀያ ነው። ለሆቴሎች የልብስ መስቀያ እየሸጠ ነው ያንን ሁሉ የገነባው። ይቺን ነገር በጣም እወዳታለሁ። ሰውየው ወርቅ አላወጣ፣ ነዳጅ አልቆፈረ። ቁም ሳጥን ስንከፍት በምናየው በዚያ ቀጭን ነገር ነው ሚሊየነር የሆነው።

ፊልሙን ከሌሎች ሀብታም ላይ ከሚያሾፉ ፊልሞች የምለየው ሰዎቹን ክፉ ስላላደረጋቸው ነው። ዴቭ ደግ ሰው ነው። የማያውቀውን ሰው ሕይወት አድኖ፣ አልብሶ፣ አብልቶ ያኖረዋል። ስንቶቻችን እናደርገዋለን? የቤቱ ችግር ሌላ ነው። ሁሉ ነገር ሞልቷል፣ ግን ለማንም ምንም አይጥመውም። ባርባራ ሰላም ፍለጋ ከጉሩ ወደ ዮጋ፣ ከዮጋ ወደ ማሳጅ ትንከራተታለች። ሴቷ ልጅ ምግብ አትበላም። ወንዱ ልጅ ካሜራውን ይዞ ይዞራል፤ ለአባቱ መናገር የፈራው ነገር አለ። ማቲስ የሚባለው ውሻቸው እንኳ ምግቡን እንቢ ብሏል፤ የራሱ የሥነ ልቦና ሐኪም ተቀጥሮለታል።

የውሻው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። ማቲስ ፊት ምግብ የሞላ ሳህን ተቀምጧል። አይነካውም። ጄሪ ይህን ያይና ምንም ሳይል መሬት ላይ በእጁና በጉልበቱ ይሆናል። አፉን ሳህኑ ውስጥ ይከትና መብላት ይጀምራል። ማስመሰል አይደለም፤ ያላምጣል፣ ያጣጥማል፣ ይውጣል። ውሻው መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። ከዚያ ጠጋ ይላል። ከዚያ አብሮት ይበላል። ሐኪሙ ያልቻለውን ነገር አብሮ የበላ ሰው ቻለው። ማቲስን ሆኖ የሠራው ማይክ የሚባል ውሻ ነው፤ ከብዙ ሰው ተዋናይ በላይ ፊቱ ይናገራል። እኔ ይህን ትዕይንት ባየሁት ቁጥር ከሳቄ ጋር ሆዴ ይባባል። በዚያ ቤት ውስጥ የምግብን ዋጋ የሚያውቀው ጄሪ ነው። ከሱ ሌላ አንድ ሰው አለች፤ ቆይቼ እመጣባታለሁ።

እንግዳ ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን እኛ በደንብ እናውቃለን። ቡፌ ውስጥ የተቆለፈበት ሳህን ይወጣል። የሶፋው ልብስ ይቀየራል። ባልና ሚስት ጠዋት የጀመሩትን ጭቅጭቅ ለጊዜው ያቆማሉ። ልጆች «ደህና ዋላችሁ» ለማለት ይሰለፋሉ። ቤቱ የክት ልብሱን ይለብሳል። እንግዳው በማግስቱ ከሄደ ያየው ያንን የክት ልብስ ብቻ ነው። ከሰነበተ ግን ነገሩ ይለያል። የክት ሳህኑ ወደ ቡፌው ይመለሳል። ጭቅጭቁ ይቀጥላል፣ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ኋላ በይፋ። እንግዳው የቤቱን ገመና ያያል። ኮሜዲው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ጄሪ የሰነበተ እንግዳ ነው። ለእያንዳንዳቸው መስማት የሚፈልጉትን ታሪክ እየነገረ፣ ሁሉም የሆዳቸውን እንዲዘረግፉለት ያደርጋል።

ታሪኩ የአሜሪካ ፈጠራ አይደለም። መነሻው ሬኔ ፎሿ የሚባል ፈረንሳዊ የጻፈው ቴአትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ዣን ሬኗር ፊልም አደረገው፤ ሚሼል ሲሞን ቡዱ የሚባለውን ቤት አልባ ሰው ሆኖ ሠራ። እዚያ ገንዳ የለም፣ የፓሪሱ የሴን ወንዝ ነው ያለው። መጽሐፍ ሻጩ ሌስታንጉዋ በቴሌስኮፕ ከመስኮቱ ሆኖ መንገደኛ ሲቃኝ ቡዱ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ያየዋል፣ ሮጦ ያወጣዋል፣ ቤቱ ያመጣዋል። ቡዱ ግን የተመጻደቀበትን ቸርነት በምስጋና አይመልስም። በመጽሐፍ ውስጥ ምራቁን ይተፋል። ቤቱን እንዳለ ያተረማምሰዋል።

ከሬኗር ፊልም አንድ ነገር አልረሳም። ሌስታንጉዋ ሌሊት ሌሊት ሚስቱ ስትተኛ ወደ ሠራተኛቸው ወደ አን ማሪ ክፍል የመሄድ ልማድ አለው። ቡዱ አልጋ አልስማማ ስላለው ኮሪደሩ ላይ መሬት ላይ ይተኛል። መንገዱ ተዘጋ። ጌታው በጨለማ ቆሞ የተኛውን ሰውዬ ያያል፣ ሊራመደው አይችልም። አዳራሹ ሁሉ የሚስቀው በሱ ብስጭት ነው። ካሜራው አን ማሪ ክፍል ውስጥ ሆኖ ቢያሳየን ኖሮ ምን እናይ ነበር? እሷ ሰውየው ባለመምጣቱ አዘነች ወይስ አረፈች?

ይህ ጥያቄ ከመጽሐፍ አልመጣልኝም። አምባሳደር አካባቢ ካለ የድሮ ሕንፃ ላይ፣ የጓደኛዬ እናት ሳሎን ውስጥ ነው የመጣው። እሑድ ከሰዓት ነበር። ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝተን የማዙርስኪን ፊልም ከፈትን። እናትየው እንግሊዝኛው ስለሚፈጥንባቸው እኛ ከላይ ከላይ እየተረጎምን ነው የሚያዩት። ቤቱ ውስጥ የምትሠራው ልጅ በርጩማዋ ላይ ሆና ቡና ታፈላለች። ረከቦቱ ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ ነው፤ ስለዚህ ፊልሙን የምታየው አንገቷን ጠምዝዛ ነው። ውሻውና ጄሪ አብረው ሲበሉ ከሁላችንም በላይ የሳቀችው እሷ ናት። እጣን መጨመሩን ረስታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ዴቭ ሌሊት ቀስ ብሎ ወደ ካርመን ሲሄድ የሚታይበት ቦታ ደረስን። ካርመን የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ ከላቲን አሜሪካ የመጣች፤ ኤልዛቤት ፔኛ ናት የሠራቻት። ሳሎኑ ሳቀ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ሲኒ እያጠበች፣

«እሷ የት ነው የምትተኛው?» አለች።

«ማን?» አላት ጓደኛዬ።

«ሠራተኛዋ።»

«እዚያው ግቢ ክፍል አላት እኮ፣ አላየሽም እንዴ የኔ ልጅ?» አሉ እናትየው።

«አይቻለሁ እትዬ። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ ብዬ ነው።»

ቡናው ገነፈለ፣ እሷም ወደ ጀበናዋ ተመለሰች። ፊልሙም ቀጠለ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያየሁት ሌላ ፊልም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ኮሜዲ ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሠራተኛዋ ነው።

እስቲ አስቡት። እነዚህ ፊልሞች «ያልተጠበቀ እንግዳ ቤት ገብቶ የሀብታሙን ቤት ጉድ አወጣ» ይሉናል። ግን ቤቱ ውስጥ ከጄሪ በፊት የገባች እንግዳ ነበረች። ከሌላ አገር መጥታለች። የምትተኛው በሰው ቤት ነው። የሁሉንም ገመና ታውቃለች፤ ማን እንደማይበላ፣ ማን እንደማይተኛ፣ የማን አልጋ ባዶ እንደሚያድር። አልጋውን የምታነጥፈው፣ ሳህኑን የምታነሳው እሷ ናት። ጄሪ በፊልሙ ሙሉ ደክሞ የደረሰበትን ነገር ካርመን ገና ድሮ ታውቀዋለች። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እሱ ገበታ ላይ ይቀመጣል፣ እሷ ገበታውን ታቀርባለች። እሱ ያየውን ቢናገር «ጥበበኛ» ይባላል። እሷ ብትናገር ትባረራለች።

ይህን ነገር ከሁሉም ቀድሞ ያየው የፈረንሳዩ ቴአትር ጸሐፊ ሞሊየር ይመስለኛል። «ታርቱፍ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1664 ነው። እሱም የእንግዳ ታሪክ ነው። ጻድቅ መሳይ አጭበርባሪ የሀብታም ቤት ይገባል፤ አባወራው ታውሮለት ልጁንም ንብረቱንም ሊሰጠው ይደርሳል። ጸጋዬ ገብረመድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል። በዚያ ቴአትር ውስጥ ነገሩ ገና ከጅምሩ የገባት ሰው ማን ናት? ዶሪን፣ የቤቱ ሠራተኛ። አባወራውን ፊት ለፊት ትናገረዋለች። ሞሊየር አፍ ሰጣት። ምርጥ ምርጦቹን ሳቆች ሰጣት። ከሱ በኋላ የመጡት እነ ሬኗር ያንን አፍ መልሰው የወሰዱባት ይመስለኛል። ሬኗርን እጅግ አከብራለሁ፤ ይህን ጉድለቱን ግን አልሸፍንለትም። ማዙርስኪ ከሱ ይሻላል። ካርመን ከጄሪ ጋር ከተቀራረበች በኋላ ዴቭን እንቢ ትለዋለች፤ መብቷን መናገር ትጀምራለች። ያም ሆኖ ንቃቷ ከጄሪ እንደተበደረችው ተደርጎ ነው የሚቀርበው። እኔ ይህን አላምንም። በሰው ቤት የሠራች ሴት ብዝበዛ ምን እንደሆነ ገንዳ ውስጥ የወደቀ ወንድ እስኪነግራት አትጠብቅም።

(በነገራችን ላይ የማዙርስኪ ፊልም ውስጥ ዘፋኙ ሊትል ሪቻርድ የሠራው ጎረቤት አለ። ጥቁር ሀብታም ነው። ነጩ ጎረቤቱ ጋ አላርም ሲጮህ ፖሊስ ምን ያህል እንደሚጋጋል፣ እሱ ሲጠራ ግን እንደዚያ እንደማይሆን እየጮኸ ይናገራል። አጭር ቦታ ነው፣ ግን ፊልሙ ስለ አጥር ከሚናገረው ሁሉ እውነተኛው እሱ ነው።)

አሁን ወደ መሀል አዲስ አበባ ልምጣ። በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስ የነበሩት የድሮ ቪላዎች አሠራራቸው ይታወቃል። ፊት ለፊት ትልቁ ቤት፣ ከጀርባው ሰርቪስ። ሰርቪሱ ውስጥ ማድ ቤቱ፣ ዕቃ ቤቱ፣ የሠራተኛዋ ክፍል፣ አንዳንዴም የዘበኛው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ ብዙዎቹ ግቢዎች ተከፋፈሉ። ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። ያኔ ሰርቪሱ ራሱን የቻለ የቤተሰብ ቤት ሆነ። አንድ በር የሚገቡ፣ አንድ ቧንቧ የሚቀዱ፣ ኑሯቸው የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቅ ሰዎች ለዓመታት አብረው ኖሩ። ስለ አዋጁ ብዙ መከራከር ይቻላል። ግን ያ ግቢ ውስጥ ያደገ ልጅ የሌላው ቤት ምን እንደሚበላ፣ ማን ታሞ እንደተኛ ያውቅ ነበር። ሠርጉም ለቅሶውም አንድ ድንኳን ነበር።

ከነዚያ ግቢዎች ብዙዎቹ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ፈርሰዋል። ፒያሳን አሁን ያየ ሰው ይረዳኛል። አዲስ በሚሠሩት አፓርታማዎች ማስታወቂያ ላይ ደግሞ «ባለ ሦስት መኝታ፣ ከነሠራተኛ ክፍሉ» የሚል ታነባላችሁ። እነዚያን ክፍሎች ገብቼ አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ ከማድ ቤቱ ቀጥሎ ናቸው። ፍራሽ ሲገባ ወለሉ ያልቃል። አንዳንዱ መስኮት የለውም፣ አንዳንዱ ወደ ልብስ ማስጫው የሚያይ ጠባብ ቀዳዳ አለው። ግድግዳው ላይ ሚስማር፣ ሚስማሩ ላይ የእሑድ ቀሚስ። ሽንኩርትና ትርፍ ጄሪካን እዚያው ይቀመጣል። ይህን ክፍል ወረቀት ላይ የሣለው አርክቴክት የተማረ ሰው ነው። ሰው እንደሚተኛበት እያወቀ ነው የሣለው። ይህ ያናድደኛል፣ ማናደድም አለበት።

ሕጉም ቢሆን በሩ ላይ ቆሟል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን፣ የቤት ሠራተኛን ጭምር፣ ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ፣ የሥራውን ሁኔታ በሚያወጣው ደንብ እንዲወስን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ይተወዋል። ስለዚህ አብዛኛው ነገር የሚወሰነው በደላላው፣ በተያዡና በእመቤቲቱ መሐል ነው። ቅዳሜ ትወጫለሽ አትወጪም፣ የማታ ትምህርት ትሄጃለሽ አትሄጂም፣ ስልክ ትይዣለሽ አትይዢም። ደግ ቤት የደረሳት ታመሰግናለች። ክፉ ቤት የደረሳት ደግሞ ሻንጣዋን ይዛ ሌላ ደላላ ትፈልጋለች። የሰው ኑሮ እንዲህ በዕጣ መሆን የለበትም።

የኛ ኮሜዲ ፊልሞችስ? ቪላ ይወዳሉ። ደረጃ ያለው ሳሎን፣ ውድ መኪና፣ ፀጉሯን የተሠራች እናት፣ በውርስ የሚጣሉ ልጆች። ሠራተኛዋ በጭራሽ አትጠፋም። ግን ሥራዋ ምንድን ነው? በገጠር አነጋገሯ ማሳቅ። ስልክ ገልብጣ ትይዛለች፣ የፈረንጅ ምግብ ስም ታጣምማለች፣ በር ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ትያዛለች። ያንን ገጸ ባሕርይ የሚሠሩት ተዋናዮች ብዙ ጊዜ ከመሪዎቹ የበለጠ ችሎታ አላቸው። ሳቁ ግን ወደ ታች ነው የሚወርደው። ቤተ መንግሥቱን በእንስሳት አስመስሎ የተቸው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ቴአትር «ፋቡላ» በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መታገዱን እናስታውስ። የአገራችን ቴአትር ሲወለድ ሳቁን ወደ ላይ ነበር የወረወረው። እንዲህ ያለ አጀማመር ያለን ሰዎች ባለ አምስት መኝታ ቤት ፈርተን፣ ፍራሽ ላይ የምትተኛዋ ልጅ ላይ ለምን እንስቃለን?

ስለዚህ ማየት የምፈልገውን ፊልም ልናገር። አራት ኪሎ አካባቢ፣ ደህና ገቢ ያለው ቤተሰብ። ክፉ አይደሉም፣ እንደ ዴቭ ደግ ናቸው። አንድ ማታ በር ይንኳኳል። የሠራተኛዋ እናት ከገጠር መጥተዋል። ለሕክምና ነው፣ ማደሪያ የላቸውም፣ ዘንቢላቸው ውስጥ ማርና የተፈለፈለ በቆሎ ይዘዋል። እመቤቲቱ በር ከፍተው «ቤት ለእንግዳ!» ይላሉ፤ ሌላ ማለት አይችሉም፣ ያደጉበት ነው። እንግዳዋ ታላቅ ናቸው። ስለዚህ የክብር ቦታው ላይ፣ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ። የክት ሳህኑ ይወጣል። አሁን ልጃቸው እናቷን እንደ እንግዳ ታስተናግድ ወይስ አጠገባቸው ተቀምጣ ትጫወት? ሦስት ዓመት ያልተያዩ እናትና ልጅ ናቸው። አጠገባቸው ከተቀመጠች እራቱን ማን ያቅርብ? የቤቱ ሴት ልጅ ማድ ቤት ገብታ በርበሬው የት እንዳለ አታውቅም። ባልየው ቡና ልቅዳ ብሎ ሲኒ ይሰብራል። እናትየው ደግሞ ያያሉ። ልጃቸው የምትተኛበትን ክፍል ልያት ብለው ይነሳሉ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ተራ በተራ ወሬ እየፈጠረ ሶፋው ላይ ሊያቆያቸው ይሯሯጣል። ይሄ ያስቃል። በደንብ ከተሠራ አዳራሽ ያፈርሳል።

ጸሐፊው ግን ከመጻፉ በፊት አንድ ነገር እንዲያደርግ እፈልጋለሁ። ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የማታ ተማሪዎች የሚወጡበት አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ይቁም። ደብተራቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ እስከ ታክሲው ድረስ ተቃቅፈው የሚሄዱ ልጆች ያገኛል። ከነሱ ብዙዎቹ በሰው ቤት ነው የሚሠሩት። በዚያች አጭር መንገድ የየቤታቸውን ሰው ተራ በተራ ያወጣሉ። የእትዬን ስልክ አነጋገር፣ የጋሼን ሳል፣ «አልበላም» የሚለውን የልጁን ቅብጠት። አንዷ ስታወጣ ሌላዋ «አይ፣ የኛዋ ይብሳሉ!» ትላለች፣ እሷም ትቀጥላለች። እኔ በዚያ መንገድ ከኋላቸው ስሄድ የሰማሁትን ያህል የጠራ ኮሜዲ የትኛውም ሲኒማ ቤት ውስጥ አልሰማሁም። ያንን ሳቅ የሚጽፍ ሰው ከነሱ መሐል ቢመጣ ደግሞ ከማንኛችንም ይበልጣል።